«ቀስ በል አቦ!»

ጎህ ሲቀድ ሳቢያን ሰፈር፣ አስፋልት ዳር ቆሜያለሁ። ድሬዳዋ ሙቀቱ ከመነሣቱ በፊት ባለችው አጭር ሰዓት የምትጠቀም ከተማ ናት። ዳቦ በቅርጫት የተሸከመው፣ ሻይ የምታፈላው፣ ከመስጊድ የሚመለሰው፣ ነጠላዋን አጣፍታ ከቤተ ክርስቲያን የምትወጣው፣ ሁሉም በዚህች ሰዓት መንገድ ላይ ነው። በመሐላቸው ሦስት አራት ሆነው የሚመጡ ወጣት ሴቶች አሉ። ሻርፕ ጣል አድርገዋል፣ ምሳ ዕቃቸውን በፌስታል አንጠልጥለዋል፣ የሥራ መታወቂያቸው ከአንገታቸው ወርዶ ደረታቸው ላይ ይወዛወዛል። ወደ ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሄዱ ናቸው። ሰርቪስ ያመለጣቸው ተሰባስበው ባጃጅ ይጋራሉ።

እኔም ከሁለት ልጆች ጋር ተጋራሁ። ነጂው ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። ከፊቱ መስታወት ላይ ሰው ሠራሽ አበባ አንጠልጥሏል፣ ቴፑን ከፍ አድርጎታል። ከከተማው ወጣ እንዳልን መንገዱ ሰፋ፣ ቀጥ አለ፤ ባጃጇም የምትችለውን ያህል መሮጥ ጀመረች። ፊታችን ሲሚንቶ የጫነ ከባድ መኪና እየተጎተተ ይሄዳል። ልጁ አንገቱን አሰገገና ሊቀድመው ወደ ግራ ወጣ። ከወዲያ ማዶ ደግሞ መብራቱን ያበራ አይሱዙ እየመጣ ነበር። ከእኔ አጠገብ የተቀመጠችው ልጅ ከነጂው ጀርባ ያለውን ብረት በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

«ቀስ በል አቦ! ሰዓት ቢያልፍ የሚቆረጠው የእኔ ደሞዝ ነው፤ አንተን ምን አስቸኮለህ?»

ልጁ በመስታወቱ አያትና ሣቀ። «እሺ እናት፣ ላድርስሽ ብዬ እኮ ነው» አለና ነዳጁን ላላ አድርጎ ከሲሚንቶው መኪና ኋላ ተመልሶ ገባ። አይሱዙው ጥሩምባውን እየነፋ፣ ንፋሱ ባጃጇን እያወዛወዘ አለፈን። ማንም ምንም አልተናገረም። ሁለተኛዋ ልጅ የጓደኛዋን ጉልበት ያዝ አድርጋ ለቀቀች።

በዚያች ቅጽበት ውስጥ ትራፊክ ፖሊስ አልነበረም፤ ምልክት አልነበረም፤ ቅጣት አልነበረም። የነበረው የአንዲት ተሳፋሪ ድምፅ ነው። ድሬዳዋ ለወጣቶቿ የመንገድ ደኅንነት ለማስተማር የምታደርገውን ጥረት ሳስብ ይህች ቃል አእምሮዬ ውስጥ ተቀምጣ አልወጣ አለችኝ።

ድሬዳዋ ከመንገድ የተወለደች ከተማ ናት ቢባል ማጋነን አይደለም። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ በመጀመሪያ የታሰበው ወደ ሐረር እንዲወጣ ነበር፤ ነገር ግን ተራራው አስቸገረና ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ፣ ሜዳው ላይ በ1895 ዓ.ም. ደረሰ። ባቡሩ በቆመበት ቦታ ጣቢያ ተሠራ፣ በጣቢያው ዙሪያ ከተማ በቀለ። መጀመሪያ ላይ «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር። የጣቢያውን ሰፈር የከዚራን ጥላማ፣ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች ያየ ሰው አሁንም ይህን ታሪክ ያነብባል፦ መንገዱ፣ የእግረኛው ዳርና ዛፉ በአንድ ላይ ታስበው ነው የተሠሩት። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለችው መጋላ ደግሞ በራሷ መንገድ ያደገች ናት። ጠባብ መተላለፊያ፣ ሰው፣ አህያ፣ ጋሪ፣ ባጃጅ፣ ሁሉም ትከሻ ለትከሻ። መጋላ ውስጥ በፍጥነት መንዳት አይቻልም፤ መጥፎ ሐሳብ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን መንገዱ ራሱ ስለማይፈቅድ ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ ያዝ ያድርግልኝ፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ወደ መልካ ጀብዱ በኩል ያለው አዲሱ ድሬዳዋ ግን ሌላ ነው። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ጣቢያው ከአሮጌው ለገሃር ርቆ ከከተማው ውጪ ተተከለ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በቻይናው ሲሲኢሲሲ ኩባንያ ተገነባ፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ 150 ሄክታር ላይ ያረፈ ነው። ነሐሴ 8 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና እዚሁ ድሬዳዋ ላይ ሥራ ጀመረ። ከዚህ ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ ድንበር፣ ወደ ደወሌ የሚወስደው 220 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የክፍያ መንገድ አለ። በሌላው በኩል ደግሞ ወደ ሐረርና ወደ አዲስ አበባ የሚያወጣው የደንገጎ ዳገት። ኮንቴይነር የጫነ ተሳቢ፣ ሲሚንቶ የጫነ ሲኖ ትራክ፣ ጫት ይዞ ሰዓት የሚሽቀዳደም አይሱዙ፣ የሠራተኛ ሰርቪስ፣ ባጃጅና በእግሯ የምትሄድ የስፌት ሠራተኛ፣ እነዚህ ሁሉ አንድ አስፋልት ላይ ናቸው።

ፋብሪካ የወጣት ሥራ ነው። በአገራችን ኢንዱስትሪ ፓርኮች ውስጥ የሚሠራው ሰው አብዛኛው ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ነው፤ ሴቶቹም ይበዛሉ። ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ናቸው። ያደጉበት መንገድ ከብት የሚነዳበት፣ መኪና በቀን አንዴ ሁለቴ አቧራ እያስነሣ የሚያልፍበት ነው። ከዚያ ተነሥተው በአንድ ሳምንት ውስጥ የጅቡቲ ከባድ መኪና በሚያልፍበት አስፋልት ዳር፣ በጨለማ፣ ከእንቅልፋቸው ጋር እየታገሉ መሄድ ይጀምራሉ። ስፌት መኪናውን እንዴት እንደሚነዱ የሚያስተምራቸው አለ፤ መንገዱን ግን ራሳቸው ይማሩት ተብሎ የተተወ ይመስላል።

የአካባቢው መስተዳድር ምንም አያደርግም ማለቴ አይደለም። በድሬዳዋም ሆነ በሌሎች ከተሞች የመንገድ ደኅንነት ትምህርት ዋና ቤቱ ትምህርት ቤት ነው። የትራፊክ ፖሊስ በሰልፍ ሰዓት ይመጣል፤ ልጆቹን ሜዳ ላይ አቁሞ ያስተምራል፤ የትራፊክ ደኅንነት ክበብ ይቋቋማል። ከክበቡ የተመረጡት አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰው፣ «ቁም» የሚል ክብ ሰሌዳ ይዘው ጠዋትና ከሰዓት በትምህርት ቤታቸው በር ላይ ጓደኞቻቸውን ያሻግራሉ። ከባድ መኪና በአሥራ ሁለት ዓመት ሕፃን እጅ ሲቆም አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ ሹፌሩ ከመስኮቱ ብቅ ብሎ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሲሰጣት፣ ልጅቷ ደግሞ ፊቷን ሳትፈታ በከባድ ቁም ነገር መንገዱን ስትከፍትለት። የልጅነት ትምህርት በእንዲህ ያለ ክብር ሲሰጥ ዕድሜ ልክ ይቀመጣል ብዬ አምናለሁ።

ክረምት ሲመጣ ደግሞ የወጣቶች በጎ ፈቃድ አገልግሎት አለ። ቤት ከማደስ፣ ደም ከመለገስና ችግኝ ከመትከል ጎን ለጎን ወጣቶች ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ሜዳ አህያው መሻገሪያ ላይ ቆመው እግረኛ ያስተናብራሉ። የኤፍ ኤም ሬዲዮዎች በበዓል ዋዜማ ያስጠነቅቃሉ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19፣ የቁልቢ ገብርኤል መንገደኛ የደንገጎን ዳገት ሲያጨናንቀው ትራፊኮች መናኸሪያ ገብተው ሹፌርና ተሳፋሪን ያነጋግራሉ፦ ዳገቱን ስትወርድ ማርሽ ቀንስ፣ ፍሬን ብቻ ይዘህ አትውረድ፤ ይግላል፣ ይከዳሃል። ይህ ምክር ሕይወት ያተርፋል። ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ካለው ደንገጎ ወደ ድሬዳዋ ሙቀት በጥቂት ኪሎ ሜትር ሲወረድ በተከታታይ የተያዘ ፍሬን ግሎ መያዝ እንደሚያቆም ያልተነገረው አዲስ ሹፌር የሚማረው መንገዱ ራሱ ሲያስተምረው ነው፤ የመንገድ ትምህርት ደግሞ ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም።

ታዲያ ጉድለቱ የት ነው? ትምህርቱ የሚያተኩረው ተማሪውና በዓለኛው ላይ ነው። አሥረኛ ክፍል ላይ አቋርጣ ፋብሪካ የገባችው ልጅ የትምህርት ቤት ሰልፍ የላትም። ባጃጅ ተከራይቶ ለባለቤቱ የቀን ገቢ ለማስገባት የሚሮጠው ልጅ ክበብ የለውም። ሁለቱም ሬዲዮ ቢሰሙ ዘፈኑን ነው። ከትምህርት ቤት በር ወጥተው የራሳቸው ቤተሰብ እስኪመሠርቱ ያሉት ዓመታት፣ በትክክል መንገዱ በጣም የሚገድልባቸው ዓመታት፣ ከትምህርቱ ውጪ ይወድቃሉ።

ይህ የእኔ ግምት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ደግሞ ከየትኛውም በሽታ በላይ ቀዳሚው ገዳይ ይኸው ነው። ከሟቾቹ ከግማሽ በላይ እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው። የእኛን አገር ቁጥር ስናይ ሌላ የሚያሳዝን ነገር አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ የተላከው ይፋዊ የሟቾች ቁጥር 4,352 ነበር፤ ድርጅቱ በራሱ ስሌት የገመተው ግን 27,326 ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት የማነሣው ሐሰት ተናገሩ ለማለት አይደለም። ፖሊስ በአብዛኛው የሚመዘግበው አደጋው ቦታ ላይ ያየውን ነው፤ በሦስተኛው ሳምንት ሆስፒታል አልጋ ላይ ያረፈው፣ ወይም ተስፋ ተቆርጦበት ገጠር ወላጆቹ ቤት ተወስዶ ያረፈው ብዙ ጊዜ ወደዚያ መዝገብ አይመለስም። ስለዚህ ሃያ ሁለት ዓመት ገደማ የሆናት፣ ከገጠር መጥታ ፋብሪካ የገባች ልጅ ብትሞት እንኳን የመቆጠር ዕድሏ ጠባብ ነው። ያልተቆጠረ ሰው ደግሞ በጀት አይያዝለትም፤ መሻገሪያ አይቀባለትም።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ከተማው በበርጫ ሰዓት ጸጥ ሲል፣ ከሁለት ባጃጅ ነጂዎች ጋር ጥላ ሥር ተቀምጠን ስለ ፍጥነት ተከራከርን። አንደኛው «ከ40 ወደ 60 ምን ልዩነት አለው? ፍሬኔ እንደሆነ ጥሩ ነው» አለኝ። መኪና የማይበዛበት ውስጥ ለውስጥ መንገድ ስለነበር ጠመኔ ከሱቅ ገዝተን ወጣን። ነገሩ በትምህርት ቤት ፊዚክስ የሚሠላ ስለሆነ አስፋልቱ ላይ አወረድነው።

በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሰከንድ ውስጥ 11 ሜትር ይሄዳል። ሰው አደጋ ሲያይ ዓይኑ አይቶ፣ አእምሮው ገብቶት፣ እግሩ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ ስልክ እየነካካ ከሆነ ደግሞ ይበልጣል። በዚያች ሰከንድ መኪናው ምንም አልቀነሰም። ስለዚህ 11 ሜትር ለካንና መሥመር አሰመርን። ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ፣ ደረቅ አስፋልት ላይ፣ ጎማው ካልተላጨ፣ 9 ሜትር ያህል ይንሸራተትና ይቆማል። በድምሩ 20 ሜትር። ሁለተኛ መሥመር አሰመርን። አሁን ደግሞ 60 እንበል። በአንዲት ሰከንድ ወደ 17 ሜትር። ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ ግን 9 ሜትር አይበቃውም፤ ፍጥነቱ አንድ ጊዜ ተኩል ሲሆን የማቆሚያው ርቀት ከእጥፍ በላይ ይሆናል፣ ወደ 20 ሜትር። በድምሩ 37 ሜትር። ሦስተኛው መሥመር በጣም ርቆ፣ ከኪዮስኩ አልፎ ተሰመረ።

ከዚያ አንደኛው ነጂ በራሱ ሐሳብ 25 ሜትር ላይ ፌስታል አስቀመጠ። «ይህች ልጅ ናት እንበል» አለ። በ40 የመጣው ልጅቷ ጋ ሳይደርስ በ20 ሜትር ቆሟል፤ አምስት ሜትር ቀርቶታል። በ60 የመጣውስ? የመጀመሪያዋ ሰከንድ 17ቱን ሜትር በላችበት። ፍሬን የያዘባት መሬት 8 ሜትር ብቻ ናት። ስንሠላው፣ ልጅቷን የሚደርስባት በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ ነው። ሁለቱም ነጂዎች አንድ ዓይነት ፍሬን አላቸው፣ ልጅቷን ያዩዋትም በአንድ ቅጽበት ነው። አንዱ መስኮቱን ከፍቶ ይቆጣታል፤ ሌላው እስር ቤት ይገባል፣ እሷ መቃብር ትገባለች።

«ፍሬኔ ጥሩ ነው» ያለው ልጅ ከፌስታሉና ከሦስተኛው መሥመር መካከል ቆሞ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ የተናገረው «የጫነ መኪናስ?» የሚል ነበር። የጫነ መኪና ከዚህ ሁሉ ይብሳል፤ ክብደቱና የፍሬኑ ዓይነት ተጨምሮ የማቆሚያው ርቀት ይረዝማል። ወደ ፓርኩ የሚወስደው መንገድ ላይ የሚያልፈው ደግሞ የጫነ መኪና ነው።

በሰልፍ ሜዳ ላይ ከሚነገር አንድ ሰዓት ንግግር ይልቅ ሦስት የጠመኔ መሥመር የበለጠ አስተማሪ ነው ብዬ የማምነው በዚህ ምክንያት ነው። ወጣት ሰው «አትሩጥ» ሲሉት ምክር ሰልችቶታል። በዓይኑ ያየው፣ በእግሩ የለካው፣ በራሱ አፍ የመሰከረው ግን የራሱ ይሆናል።

ቢሆንም ትምህርት ብቻውን ምን ያህል ይሠራል የሚለውን ጥያቄ መሸሽ አልፈልግም። በ2002 እ.ኤ.አ. ዱፐሬ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እግረኞችን ስለማስተማር የተደረጉ ጥናቶችን ሰብስበው መርምረው ነበር። ያገኙት ነገር ትምህርቱ የልጆችን ዕውቀትና አንዳንድ ጊዜም አካሄዳቸውን ያሻሽላል የሚል ነው፤ የሚጎዳውን ሰው ቁጥር መቀነሱን ግን የሚያረጋግጥ ማስረጃ አላገኙም። ይህ ለሚያስተምር ሰው የሚያስደነግጥ ውጤት ነው። ነገር ግን ወደ መጋላ መለስ ብለን ብናስብ ይገባናል። መጋላ ውስጥ ሹፌሩ ቀስ የሚለው ተምሮ አይደለም፤ መንገዱ ቀስ ስላሰኘው ነው። ከዚራ ውስጥ እግረኛው በሰላም የሚሄደው ዳሩ ስለተሠራለት ነው። አዲሱ መንገድ ላይ የእግረኛ ዳር ሳይሠሩ፣ መሻገሪያ ሳይቀቡ፣ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሳያስቀምጡ ልጅቷን «ግራ ቀኝ ተመልከቺ» ብሎ መላክ ድልድይ ሳይሠሩ ወንዝ ተሻገሪ እንደማለት ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ከራሷ የምትማረው አላት። አዲስ አበባ ለገሃር መስቀለኛ መንገድ ላይ በቀለምና በቀላል ዕቃ የእግረኛው ቦታ ሲሰፋ፣ የሚሻገረው አስፋልት ሲያጥር ታይቷል፤ ብዙ ሲሚንቶና ብዙ ዓመት አልጠየቀም። ከዚያ በላይ የሚገርመኝ ግን በ1956 ዓ.ም. የሆነው ነው። በዚያ ዓመት ሰኔ ወር አገሪቱ በሙሉ በግራ ከመንዳት ወደ ቀኝ ተሻገረች። የሰው ልጅ ከልማዱ ሁሉ የሚከብደውን ልማድ አገር በአንድ ላይ የቀየረው ሕጉም፣ መንገዱም፣ ትምህርቱም አንድ ነገር ሲናገሩ ነው። ሦስቱ ሲለያዩ ትምህርቱ ብቻውን ይጮሃል።

ሆኖም አንድ ዓይነት ትምህርት በማስረጃ ሠርቷል፤ የሠራውም ከእኛ ጎረቤት ነው። ኬንያ ውስጥ ጄምስ ሃብያሪማናና ዊሊያም ጃክ የተባሉ ተመራማሪዎች በማታቱ ሚኒባሶች ውስጥ ተለጣፊ ለጠፉ። ጽሑፉ የተጻፈው ለሹፌሩ አልነበረም፤ ለተሳፋሪው ነው። ሹፌሩ ሲሮጥ ዝም አትበል፣ ተናገር፣ ተቆጣ የሚል። ተለጣፊው ያለባቸውን መኪኖች ከሌለባቸው ጋር በኢንሹራንስ ካሳ ጥያቄ አወዳደሩ። በመጀመሪያው ሙከራ ጥያቄው ከግማሽ በላይ ቀነሰ፤ በኋላ በሰፊው ሲሞከርም ከ25 እስከ 33 በመቶ ቀንሷል። ምክንያቱን ማወቅ አይከብድም። ተሳፋሪው ፍርሃቱ ቀድሞም ነበረበት፤ የጎደለው መናገር ነውር አለመሆኑን የሚነግረው ነበር። ተለጣፊው ያንን ነገረው።

አሁን ያቺን የጠዋቷን ልጅ አስቧት። ማንም ሳይለጥፍላት ተናገረች። ይህ በድሬዳዋ አያስገርምም። በዚህች ከተማ ሰው ሰውን «አቦ» ብሎ ለመጥራት ትውውቅ አይጠይቅም። ታክሲ ውስጥ ገብቶ ዝም ብሎ የሚወርድ የሩቅ እንግዳ ነው። ኬንያ ውስጥ በተለጣፊ የተፈለገው ድፍረት እዚህ የከተማው ጠባይ ነው፤ ተጠርቶ ወደ ሥራ መግባት ብቻ ነው የቀረው። የባጃጅና የታክሲ ጥቅስ ደግሞ የራሳችን ሥነ ጽሑፍ ነው። የጸሎት ቃል፣ የፍቅር ቃል፣ የእናት ስም የተለጠፈበት መስታወት ላይ «ቀስ በል አቦ!» የሚል አንድ ተለጣፊ ቢጨመር እንግዳ አይሆንም። ድሬዳዋ በአንድ ቋንቋ ብቻ አትናገርምና አብሮ «ሱታ» በኦሮምኛ፣ «ተርቲብ» በሶማልኛ ይጻፍ። ሦስቱንም ቃላት ሳቢያን ላይ የቆመ ማንኛውም ልጅ ያውቃቸዋል።

ቦታውም አለ። ትምህርት ቤት የሌላትን ወጣት መንገድ ላይ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው፤ የፓርኩ በር ግን ሁሉንም በአንድ ሰዓት ይሰበስባቸዋል። ሺፍት ሲገባና ሲወጣ በዚያ በር ወጣቱ በሙሉ መታወቂያውን እያሳየ ያልፋል። የከተማ አስተዳደሩ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤትና የትራፊክ ፖሊስ ለትምህርት ቤት ሰልፍ የሚሰጡትን ጊዜ ግማሹን ለዚህ በር ቢሰጡ፣ አዲስ ሠራተኛ የማሽን ደኅንነት በሚማርበት የመጀመሪያ ሳምንት አንዲት ሰዓት ለመንገዱ ብትያዝ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ባለው አስፋልት ላይ ሦስቱ መሥመሮች በጠመኔ ሳይሆን በቀለም ቢሰመሩ፣ በየቀኑ የሚታይ መማሪያ ይሆናል። በሩ ላይ ተሰልፈው ተሳፋሪ የሚጠብቁት የባጃጅ ነጂዎችም እዚያው ናቸው፤ ጥሪ አያስፈልጋቸውም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ሳስበው ልቤን የሚነካው። ጥቁር የለበሰን እግረኛ የመኪና አጭር መብራት የሚያሳየው ከ30 ሜትር ገደማ ነው። ከላይ ያሉትን መሥመሮች ላስታወሰ ሰው ይህ ማለት በ60 የሚመጣ ሹፌር እግረኛውን ሲያየው ረፍዷል ማለት ነው። አንጸባራቂ ጨርቅ ያደረገ ሰው ግን ከመቶ ሜትር በላይ ርቆ ይታያል። በማታ ሺፍት የሚወጡት እነዚህ የፋብሪካ ልጆች ቀኑን ሙሉ የሚሰፉ ናቸው። የሁለት ጣት ስፋት ያላት አንጸባራቂ ጥብጣብ በሥራ ልብሳቸው ጀርባና በክንዳቸው ላይ መስፋት ለእነሱ የደቂቃ ሥራ ነው። ለሩቅ አገር ሰው ልብስ የሚሰፋ እጅ ለራሱ ይህችን ትንሽ ነገር እንዲሰፋ የሚፈቅድለት አሠሪና የሚያስገድድ ደንብ ነው የሚያስፈልገው።

ሌላም የማይነገራቸው ነገር አለ። የተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ፣ ቁጥር 799/2005፣ ሲወጣ በመኪና አደጋ የተጎዳ ማንኛውም ሰው እስከ 2,000 ብር የሚደርስ አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ደንግጓል፤ ገጭቶ ያመለጠ መኪና የጎዳውም ከፈንድ እንዲካስ አድርጓል። ይህን የምታውቅ የፋብሪካ ሠራተኛ ስንት ትሆን? ጓደኛዋ መንገድ ላይ ወድቃ ስታይ «ገንዘብ የለንም» ብላ ከማልቀሷ በፊት ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ውሰዱልኝ ማለት እንዳለባት፣ የተሰበረ አንገትን አንስቶ ባጃጅ ላይ ማጠፍ ዕድሜ ልክ ሽባ ሊያደርግ እንደሚችል፣ ይህንንም ትምህርት ቤት አላስተማራትም። ይህ ከሜዳ አህያው ምልክት ያላነሰ ትምህርት ነው።

ባጃጁን በተጋራሁበት ቀን ማታ ሺፍት ሲወጣ ፓርኩ በር አካባቢ ተመልሼ ቆምኩ። ፀሐይ ገብታለች፣ ሙቀቱ ግን ከአስፋልቱ ላይ ገና እየተነሣ ነው። ሴቶቹ ከበሩ በቡድን በቡድን እየሆኑ ይወጣሉ፤ ድካማቸውን በሣቅ እያራገፉ፣ አንዳንዷ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ። የሰርቪስ አውቶቡሶቹ ሞተራቸውን አስነሥተዋል። ባጃጆቹ መንገዱን ግማሽ ድረስ ይዘው ቆመው ይጠራሉ፦ ሳቢያን! ሳቢያን! ከዚራ! አንድ ተሳቢ ከወደ ደወሌ እየመጣ ነው፣ መብራቱ ከሩቅ ይታያል፣ ድምፁ ቀድሞ ይሰማል።

መንገዱን ልትሻገር አንድ እግሯን አስፋልቱ ላይ ያሳረፈች ልጅ ስልኳን እያየች ነበር። ከኋላዋ ያለችው ክንዷን ይዛ ወደ ዳር ሳበቻት። ተሳቢው አለፈ፤ አቧራው ሁላችንም ላይ አረፈ። የሳበቻት ልጅ ምንም አላለቻትም፤ ስልኩን ከእጇ ወስዳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችላትና ክንዷን እንደያዘች ግራ አየች፣ ቀኝ አየች፣ ደግማ ግራ አየች። ከዚያ አብረው ተሻገሩ።